ኤግዚቢሽኑ ላይ የሚቆመው ሥራ የተማሪው እንዲሆን

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ተጠሪ ነኝ። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተማሪዎች በግላቸው የሠሩትን የሚያሳዩበት ኤግዚቢሽን አለን፤ 48 ያህል ሥራ ይቀርባል። ችግራችን ሦስት ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም የሠራው፣ ካልሆነም ከኢንተርኔት የተቀዳ ሞዴል ነው። በዕለቱ ወይ መብራት ይጠፋል ወይ ዝናብ ይመጣል። ከዳኝነቱ በኋላ ደግሞ ቅሬታ አያልቅም። ለሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም ጀምረን ብንዘጋጅ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ካነሷቸው ሦስቱ ችግሮች ከባዱ የመጀመሪያው ነው፤ የዳኝነቱ ቅሬታም አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ይወለዳል። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ተማሪዋ ለሦስት ወር የለካችው የአፈር መሸርሸር፣ ሌላው ላይ አናጢ የሠራው ባለ መብራት የፋሲል ግንብ ሞዴል ተቀምጦ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ሲመዘኑ፣ ማንም ቢያሸንፍ አንዱ ወገን ተከፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ ላይ እንቆያለን። የመብራቱና የዝናቡ ነገር ከዚህ ይቀላል።

ወላጅ የሚሠራው ልጁ የሚጠየቀው ዕቃ ስለሆነ ነው። «አንድ የፈጠራ ሥራ ሠርታችሁ አምጡ» የሚል ማስታወቂያ ሚያዝያ ላይ ሲለጠፍ ልጁ ያለው ጥቂት ሳምንት ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ያግዛል፣ ከዚያ ልጁ ሲያዘገየው ይሰለቻል፣ በመጨረሻም ራሱ ይጨርሰዋል። ዕቃ ይገዛል፣ ይዋሳል፣ ያሠሩታል። ከኅዳር እስከ መጋቢት በየጊዜው የተጻፈ 60 ልኬት ግን በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ በአንድ ሌሊት ከተጻፈም ቀለሙና የእጅ ጽሑፉ ያሳብቃል። እንግዲህ ተማሪው ዕቃ ይዞ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ ያድርጉ፤ ዕቃው ከጥያቄው ይከተላል።

ለዚህ መሣሪያው የአንድ ገጽ ማመልከቻ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ (ወይም ጥንድ፤ ከሁለት በላይ አይፍቀዱ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ቆሞ ተመልካች ነው) የሚከተለውን ይጽፋል፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ሆን ብሎ የሚለውጠውን አንድ ነገር፤ የሚለካውንና የሚለካበትን መሣሪያ፤ ሳይለወጥ የሚጠብቃቸውን ነገሮች፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከነዋጋው። ለወጪው ጣሪያ ያውጡለት፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ ቁጥር የሚገዛው እየቀነሰ የሚታሰበው ይጨምራል። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ ማመልከቻ ቢመለስ አይደንግጡ። «ስለ ፀሐይ ኃይል» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በሳጥን የፀሐይ ምድጃ ግድግዳ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ጭድ ከ2 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ ግማሽ ሊትር ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨምረው ሙቀት በስንት ዲግሪ ይለያያል?» ግን ጥያቄ ነው፤ ማንበብ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ይነግራል።

የተለመዱትን ሞዴሎችም መከልከል አያስፈልግም፤ ወደ ጥያቄ መመለስ ይበቃል። በየዓመቱ የሚመጣውን የስሪንጅ ክሬን ይውሰዱ። ባለ 20 እና ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በቀጭን ቱቦ ተያይዘው ክንድ ያነሳሉ፤ ተመልካች ያጨበጭባል፤ ተማሪው ግን ለምን እንደተነሳ አልለካም። ሁለቱን ስሪንጆች ቀጥ አድርጎ ይትከል፤ የውስጥ ወርዳቸውን በሩለር ለክቶ የወለል ስፋታቸውን ንጽጽር ያስላ፤ ከዚያ በትንሹ ላይ ክብደት እየጨመረ ትልቁ ስንት ግራም እንደሚያነሳ ይመዝግብ። የተለካው ሁልጊዜ ከተሰላው ያንሳል፣ ምክንያቱም የፒስተኑ ጎማ ግድግዳውን ስለሚይዝ ነው፤ ያንን ልዩነት ማስረዳት የቻለ ልጅ ሥራው የእሱ ነው። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ የሚነሳ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታመቅም። መፍትሔው ስሪንጆቹንና ቱቦውን ገበታ ሙሉ ውሃ ውስጥ አስጥሞ እዚያው መሙላትና ማያያዝ ነው።

«ነጻ ኃይል» ለሚባለው ግን ትዕግሥት አይኑርዎ። ሞተር ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው መልሶ ሞተሩን ያዞራል፣ ትርፉ አምፖል ያበራል የሚባለው ነገር የሚሠራው ሥሩ የተደበቀ ባትሪ ካለ ብቻ ነው። በሰበቃና በጥቅል ሽቦው ሙቀት የሚጠፋውን የሚተካ ነገር የለም። ልጁን ግን አያሳፍሩት፤ የዲጂታል መለኪያ ይስጡትና ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቮልትና አምፔር፣ ከዲናሞው የሚወጣውንም ለክቶ ያባዛ። በመጫወቻ ሞተሮች ከገባው ከግማሽ በታች ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። ያ ቁጥር ከአምፖሉ የበለጠ ኤግዚቢሽን ነው።

ጥሩ ጥያቄ ከሩቅ አይመጣም፤ ጎንደር ራሷ ሞልታዋለች። ለማሳያ ያህል አራት፣ ከነሚበላሹበት ምክንያት።

ውሃ በጎንደር በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የመፍያ ነጥቡ 93 አካባቢ ነው። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቴርሞሜትር መፈተሻ ነው፤ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ 100 የሚያነብ ቴርሞሜትር የተበላሸ ነው፤ 100 ብሎ የጻፈ ተማሪም ከመጽሐፍ የቀዳ ነው። ሁለተኛ፣ በራሱ ጥያቄ ይወልዳል፦ ሽምብራ በተራ ድስት፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ በተጫነበት ድስትና በፕሬዠር ኩከር ስንት ደቂቃ ይፈልጋል? ለእያንዳንዱ 200 ግራም ሽምብራ፣ እኩል ውሃ፣ 12 ሰዓት የተነከረ። የሚያሳስተው «በሰለ» የሚለው ቃል ነው፤ እናት በጣት ጫና ታውቃለች፣ ሳይንስ ግን ቁጥር ይፈልጋል። አሥር ፍሬ አውጥቶ እያንዳንዱ ላይ 500 ግራም ክብደት በጠፍጣፋ ነገር ማስቀመጥና ስንቱ እንደተፈረከሰ መቁጠር ይቻላል። (አዘዞ ወርዶ ለማነጻጸር የሚያስብ አይጠፋም፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ስለሚያንስ በርካሽ ቴርሞሜትር አይታይም።)

ኖራ። አፄ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩበት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተሠሩት ግንቦች በድንጋይና በኖራ ጭቃ የቆሙ ናቸው። «ኖራና አሸዋ በስንት ለስንት ቢቦካ ይጠነክራል?» የሚለው ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል የተመቸ ነው። አንድ እጅ ኖራ ለ2፣ ለ3 እና ለ4 እጅ አሸዋ ይቦካል። ውፍረቱና ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 የሆነ ዱላ ዱላ መልክ ይዞ በዘይት በተቀባ የእንጨት ቅርጽ ይፈሳል፤ ለእያንዳንዱ ቅልቅል አምስት አምስት። ኩብ ሠርተው በመዶሻ የሚሰብሩ አሉ፤ ያ አይለካም። ዱላውን 10 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ጠርዞች ላይ አጋድሞ፣ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከዱላው መሃል ላይ በገመድ አንጠልጥሎ፣ እስኪሰበር ውሃ ቀስ እያሉ መጨመር ይሻላል፤ ሃይላንዱና ገመዱም ይመዘኑ። ከሥራዎቹ ሁሉ በብዛት የሚከሽፈው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ልጆች ኖራን እንደ ሲሚንቶ ያስቡታል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ከላይ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቢሞከር ይፈረፈራል። ቢያንስ 6 ሳምንት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ከዚያ በየቀኑ ጠዋት ውሃ እየተረጨበት ጥላ ውስጥ ይቆይ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጥር ካለፈ አይጀመርም። አሸዋውም ይታጠብ፤ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ተንጦ ሲረጋ ላዩ ላይ ወፍራም የጭቃ ሽፋን የሚያሳይ አሸዋ ውጤቱን ያዛባል። መግዛት ያለበት ውሃ ጠጥቶ የበረደውን ኖራ ነው፤ ያልበረደው ውሃ ሲነካው ስለሚግልና ዓይን ስለሚያጠፋ ተማሪ እጅ አይግባ። ከግንቡ ፍርፋሪ «ለናሙና» ማምጣት በፍጹም አይፈቀድ፤ ፋሲል ግቢ ከ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው።

የእንጀራ ዓይን። ሊጥ በ1፣ በ2 እና በ3 ቀን ሲጋገር ዓይኑ ስንት ይሆናል? ከወረቀት 5 በ5 ሳንቲ ሜትር መስኮት ቀዶ እንጀራው ላይ በአራት ቦታ፣ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ፣ አስቀምጦ መቁጠር ነው። አንድ ዓይነት ጤፍ፣ በሚዛን የተለካ ዱቄትና ውሃ፣ አንድ ዓይነት እርሾ በማንኪያ ተለክቶ። ውጤቱን የሚያበላሸው ምጣዱ ነው፤ የማገዶ ምጣድ በአንደኛው ጎን ይግላል፣ እሳቱም ይዋዥቃል። በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በሁለት እንጀራ መሃል እኩል ደቂቃ ጠብቆ መጋገር ይሻላል፤ በየቀኑ የመጀመሪያው እንጀራ አይቆጠርም። ደብተሩ ውስጥ የሚገባው ሩለር አጠገቡ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶ ነው፤ እንጀራው ራሱ ኤግዚቢሽኑ ሳይደርስ ይሻግታል። ማን ጋገረው የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። እናቲቱ ብትጋግር ችግር የለውም፤ «እናቴ ጋገረች፣ እኔ መዘንኩ፣ ቆጠርኩ» ተብሎ ከተጻፈ ሥራው የልጁ ነው።

አራተኛው ደለል ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጆቹ ግን በዓይናቸው ሊለኩት ይችላሉ። 60 በ30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 8 ጥልቀት ያላቸው ሦስት ትሪዎች፤ አንዱ ባዶ አፈር፣ አንዱ ሣር የተተከለበት፣ አንዱ ጭድ የተነጠፈበት። አንደኛው ጫፍ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ክዳኑ በመርፌ ከተበሳ ሃይላንድ 2 ሊትር ውሃ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ይረጫል፤ የወረደው ጭቃ ውሃ በባልዲ ተይዞ 24 ሰዓት ይረጋል፣ ላዩ ይቀዳል፣ የቀረው ደርቆ በግራም ይመዘናል። ሦስት ጊዜ ይደገማል። የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። ሣሩን ትናንት ተክለው ዛሬ ይሞክራሉ፤ ሥር ለመስደድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ሌላው፣ የመጀመሪያው ሙከራ አፈሩን ያረጥበዋል፤ ሁለተኛው ሙከራ በረጠበ አፈር ላይ ስለሚሆን የሚወርደው ይለያል። በእያንዳንዱ ሙከራ መሃል እኩል ቀን ይደር።

ሥራዎቹ ሁሉ የሳይንስ መሆን የለባቸውም። ስለ ቀበሌው የቦታ ስሞች፣ ስለ ሸማ ሥራ፣ ስለ አዝማሪ ግጥም የሚጠይቅ ልጅም እኩል ቦታ አለው፤ እሱም ቢያንስ አምስት ሰው አነጋግሮ፣ የተስማሙበትንና የተለያዩበትን ለይቶ ይጻፍ። የሚነገረውን ከመቅዳቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ።

አሁን ልኬቱ ስለሚጻፍበት ደብተር። የተሰፋ ደብተር ይሁን፣ ወረቀት የሚጨመርበት አቃፊ አይደለም። ገጾቹ ከመጀመሪያው ቀን በእስክሪብቶ ይቆጠሩ። እያንዳንዱ ግቤት ቀንና ሰዓት ይኑረው፤ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። ተቆጣጣሪ መምህር በየሁለት ሳምንቱ የመጨረሻው መስመር ሥር ይፈርም፤ ያ ፊርማ ሁለት ደቂቃ አይወስድም፣ ግን ሚያዝያ ላይ የተፈበረከ ደብተር እንዳይኖር የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። አንድ መምህር ከስምንት ሥራ በላይ አይያዝ፤ ለ48ቱ ስድስት መምህር ያስፈልግዎታል። ከደብተሩ ጀርባ ላይ «እገዛ» የሚል ገጽ ይከፈት፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ረዳ። ድሪል መብሳት፣ ብየዳ፣ መስታወት መቁረጥ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ይጻፍና ያልቃል። ያልተጻፈ እገዛ ከተገኘ ግን ነጥብ ይቀነሳል ብለው ከወዲሁ ለወላጆች በደብዳቤ ያሳውቁ። የተጻፈ እገዛ ሲፈቀድ የተደበቀው በእጅጉ ይቀንሳል።

የቀን መቁጠሪያው ላይ፣ ኤግዚቢሽኑን ከግንቦት መጨረሻ ቀደም ያድርጉት። ዋናው ክረምት በሰኔ ቢገባም ግንቦት እየገፋ ሲሄድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይደጋግማል፤ ፈተናም ይቀርባል። ግን ሚያዝያም ወጥመድ አለው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 የትኛውም ቀን ላይ ሊውል ስለሚችል የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ መጀመሪያ ይመልከቱ። ሚያዝያ 23 እና 27 ሥራ የለም፤ ግንቦት 1 ልደታ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ከደጅ ይውላል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሰርግ ወቅት ነው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩት ቀድመው ይያዛሉ፣ ስለዚህ ቀኑን በየካቲት ቆርጠው ቀብድ ይክፈሉ። ከልደታ በኋላ ያለው ዓርብና ቅዳሜ አብዛኛውን ዓመት ይሠራል። ዓርብ ዳኝነትና የተማሪዎች ጉብኝት፣ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ለወላጅ። ቅዳሜ ገበያ የሚወርደው ወላጅም ደርሶ ይመለሳል፣ ዝናቡም ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። ዓርብ ለዳኞች ምሳ ሲያዙ በዓለ ኃምሳ አላለፈም ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ካለፈ የጾም ይሁን።

በጥር የጥምቀት ሰሞን ምንም ቀነ ገደብ አያስቀምጡ፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ማተሚያ ቤቱም ሥራ ይበዛበታል። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ የካቲት አጋማሽ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የመጀመሪያ ልኬቶቹን ይዞ ይቅረብ። በዚያን ቀን አንድም ቁጥር የሌለው ሥራ ወይ ይጥበብ ወይ ይቅር። ርኅራኄ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ወላጅ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

የፀሐይ ምድጃ ወይም የጥላ ልኬት ለሚሠሩ አንድ የጎንደር ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቆጠረበት የኬንትሮስ መስመር ከእኛ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ ቀጥታ ከላይ ትሆናለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም ማለት ይቻላል። በነሐሴ አጋማሽ ይህ ይደገማል፣ ግን ደመናው አያሳይም። ምድጃውን በሚያዝያ የሚሞክር ልጅ ለታኅሣሥ ያዘነበለውን መስታወት እንደነበረ ከተወው ሙቀቱ ለምን እንደወረደ ግራ ይገባዋል።

ክፍሎቹ። 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ከሰሌዳው በስተቀር በሦስቱ ግድግዳ 12 ሥራ ይይዛል፤ ለአንዱ 1 ሜትር ከ80፣ ጠረጴዛውም መቆሚያውም ውስጡ ሆኖ። አራት ክፍል ይበቃዎታል። መሃሉን ባዶ ይተዉት፤ እዚያ ጠረጴዛ ሲጨመር ሰው ይጨናነቅና የኋለኛው ግድግዳ ሳይታይ ይቀራል። ሁለት በር ከሌለ በየክፍሉ በአንድ ጊዜ ከ20 ሰው በላይ አይግባ።

ሥራው የሚለጠፍበት ሰሌዳ ከፍሪጅ ወይም ከቴሌቪዥን ካርቶን ይሠራል፦ መሃሉ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ክንፎች 30፣ ከፍታው 90። የካርቶኑ የውስጥ መስመር ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ አግድም ከሆነ በራሱ ክብደት ይታጠፋል። ነጭ ወረቀት በአንድ ጎን ብቻ በውሃማ ኮላ ከተለጠፈ ሲደርቅ ወረቀቱ ተሸብቦ ካርቶኑን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። በሁለቱም ጎን ወረቀት ይለጥፉ፣ ከጠረጴዛ በታች ከመጻሕፍት ሥር ያሳድሩት። ርዕሱ በ4 ሳንቲ ሜትር ፊደል፣ ሌላው ከ1 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፤ ጥቁር በነጭ። ግራፉ መሃል ላይ ይሁን። የታተመ ባነር አያስፈልግም፤ የባነር ውበት ለከፈለው አባት እንጂ ለተማሪው አይቆጠርም።

መብራት። ደንቡ አጭር ነው፦ በክፍል ውስጥ የሚያሞቅ ነገር የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ከ12 ቮልት በላይ የለም። 10 አምፔር የሚችል መስመር በ220 ቮልት 2,200 ዋት ይሸከማል። አሥራ ሁለት ላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ከአንድ ኪሎ ዋት ይወርዳሉ፣ ምንም አይሆኑም። አንድ የውሃ ማፍያ ብቻውን 2,000 ይወስዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ይበልጣል። ብሬከሩ የሚወድቀው ሁልጊዜ በዚህ ነው፤ ሰው ግን «መብራት ጠፋ» ይላል። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አይሰካ። ጥቅልል ያለው ገመድ ይፈታ፤ እንደተጠቀለለ ጭነት ከተደረገበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ይቀልጣል። የእውነት መብራት ከጠፋ ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ያለ መብራት ለአራት ሰዓት መቆም የሚችል መሆኑን ከሁለት ሳምንት በፊት ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው ይፈትሹ። ለክፍሉ ብርሃን 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢወጣለት 42 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 5 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. 8 ሰዓት ያበራል።

ትንንሽ ሮቦቶች በዕለቱ የሚሞቱት በአራት ማዕዘኑ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ቮልቱ ቢበዛም አቅሙ ትንሽ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና አርዱዪኖው (ሮቦቱን በኮድ የሚያዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከመጀመሪያ ይነሳል፣ ልጁም ኮዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ለሞተሩ አራት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለብቻው፣ ለአርዱዪኖው ሌላ፤ የሁለቱ ኔጌቲቭ ግን ይገናኝ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈቱ የሊቲየም ባትሪዎች ላይ በቀጥታ መበየድ ይከልከል።

ከዚህ በተረፈ የማይገቡ ነገሮች ዝርዝር በር ላይ ይለጠፍ፦ የመኪና ባትሪ አሲድ፣ በፊኛ የተሞላ ሃይድሮጅን፣ ላምባና ቤንዚን፣ ማላታዮንና ሌላ ፀረ ተባይ፣ ክዳኑ የተከፈተ የባክቴሪያ ሳህን። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ፤ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የዳኝነቱን ስሌት እንይ። እያንዳንዱን ሥራ ሦስት ዳኞች ለየብቻቸው ካዩት 48 በ3 ሲባዛ 144 ጉብኝት ነው። አንድ ጉብኝት ከነመንቀሳቀሻው 12 ደቂቃ፤ አንድ ዳኛ በ12 ሥራ ላይ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ በላይ ሰው ይደክመዋል፣ የኋለኞቹ ልጆች ይጎዳሉ። 12 ዳኛ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቅርብዎ ነው፤ መምህራኑንና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን በመጋቢት በደብዳቤ ይጠይቁ። የራስዎ ትምህርት ቤት መምህራን አይዳኙ፤ የተቆጣጠሩትን ልጅ ያውቁታል።

ከመቶው 15 ለጥያቄው፣ 25 ለአሠራሩ፣ 20 ለልኬቱና ለግራፉ፣ 15 ለደብተሩ፣ 25 ለንግግሩ ይመደብ። ለውበት ለብቻው ነጥብ አይኑር። ንግግሩ የሚመዘነው በሸመደደው ሳይሆን በሦስት ጥያቄ ነው፦ «መጀመሪያ ሳይሠራልህ የቀረው ምን ነበር?» «ይህን ግማሽ ብታደርጊው ግራፉ ወዴት ይሄዳል?» «ይህን ገጽ ስትጽፊ የት ነበርሽ?» ሥራው የራሱ የሆነ ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ ፊቱ ይበራል፤ ለማስቆም ይቸግራል። ሌላው የሠራለት ልጅ «ሁሉም ሠርቷል» ይላል።

ነጥቡን በጥሬው አይደምሩ። አንዱ ዳኛ በአማካይ 62፣ ሌላው 86 የሚሰጥ ከሆነ ከቸሩ ዳኛ ፊት የቆመ ልጅ ያለ ሥራው ያሸንፋል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የዚያን ዳኛ አማካይ ይቀንሱ፤ ከ62 አማካይ 70 ያገኘ +8፣ ከ86 አማካይ 88 ያገኘ +2 ነው። የሚሠራው ሥራዎቹ በዕጣ ሲደለደሉ ብቻ ነው፤ አንደኛውን ክፍል በሙሉ ለአንድ ዳኛ ከሰጡ ዳኛው ይሁን ክፍሉ ልዩነቱን ያመጣው አይታወቅም። አማካዩ ከተቀነሰ በኋላም ሦስቱ ዳኞች ከ15 ነጥብ በላይ ከተለያዩ አራተኛ ሰው ይላኩ።

ውጤቱ ዓርብ ማታ ይጠናቀቅ፣ ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ይነገር። እስከዚያው ድረስ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሦስቱ ዳኞች የጻፉት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር በፖስታ ታሽጎ ይሰጠው፤ ነጥቡ ሳይሆን አስተያየቱ። ቅሬታ ያለው ወላጅ ሲመጣ ያንን ወረቀትና የልጁን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው አብረው ያንብቡት። ልጁም አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ስለ ሥራው የሚጠየቀው እሱ ነው።